ሥራ ቦታ የደም ግፊትዎ ሲነሳ፦ ንዴትን በጊዜ የመያዝ መመሪያ

«ሲስተር፣ ቤት ስለካው ደህና ነው። ሥራ ስገባ ይነሳብኛል። ምን ላድርግ?»

ይህን ጥያቄ የማልሰማበት ሳምንት የለም። የሚጠይቁኝ ከቂሊንጦ፣ ከአቃቂ ቃሊቲ፣ ከገላንና ከዱከም ፋብሪካዎች የሚመጡ ሰዎች ናቸው። ልብስ ሰፊዋ፣ የመጋዘን ኃላፊው፣ የሲኖ ሾፌሩ፣ የጥበቃ ሠራተኛው። ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ ቆሜ ስመልስ ግማሹ ይቀርብኛል። ስለዚህ ሙሉውን እዚህ ጻፍኩት።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር ይያዙልኝ።

አንደኛ፣ ሰው ሲናደድ ሰውነቱ ለጸብ ይዘጋጃል። አድሬናሊን የሚባለው ሆርሞን ደም ውስጥ ይገባል፣ ልብ ይፈጥናል፣ የደም ሥሮች ይጠብባሉ። ግፊት ወዲያው ይጨምራል። ነገሩ ሲበርድ ደግሞ ይወርዳል። ደም ግፊት ያለበት ሰው ግን ሲጀምርም ከፍ ካለ ቦታ ነው የሚነሳው። በአንድ ሺፍት አራት አምስቴ የሚናደድ ከሆነ ደግሞ ለመውረድ ፋታ አያገኝም።

ሁለተኛ፣ እዚህ የተጻፈው ሁሉ ከመድኃኒትዎ ጋር የሚሄድ ነው። የመድኃኒት ምትክ አይደለም። ንዴቱን ስለተቆጣጠረ ብቻ ኪኒን ያቆመ ሰው ሲገጥመኝ ነው እኔም ራሴ የምናደደው።

የሚያስፈልግዎት

• ክንድ ላይ የሚታሰር ዲጂታል የግፊት መለኪያ። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ቀላልና ምቹ ነው፤ እጅ ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ ሲል ግን ቁጥሩ ይዛባል። መግዛት ካልቻሉ የፋብሪካው ክሊኒክ ወይም በአቅራቢያዎ ያለ ጤና ጣቢያ ይለካሉ።
• ለክንድዎ የሚሆን መጠቅለያ። የክንድዎን መሃል በልብስ ስፌት ሜትር ይለኩ። መጠቅለያው ላይ ከስንት እስከ ስንት ሴንቲሜትር እንደሚሆን ተጽፏል፣ ለምሳሌ ከ22 እስከ 32። ክንድዎ ወፍራም ሆኖ መጠቅለያው ከጠበበ፣ ከእውነተኛው በላይ ያነባል።
• ትርፍ ባትሪ። መብራት በሄደ ቁጥር መዝገቡ እንዳይቋረጥ።
• ኪስ የሚገባ ደብተርና እስክሪብቶ።
• የሚደወል ሰዓት ያለው ስልክ።
• የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ዝርዝር፣ የራስ ምታት ኪኒን ሳይቀር።

ደረጃ 1፦ አለካክዎን ያስተካክሉ

የተሳሳተ ቁጥር ይዘን ስለ ንዴት ብናወራ ዋጋ የለውም። ስለዚህ፦

ከመለካትዎ በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎች ቡና አይጠጡ፣ አያጭሱ፣ ከባድ ነገር አያንሱ። ሽንት ቤት ይሂዱ። ከዚያ ጀርባ ያለው ወንበር ላይ ይቀመጡ። ዱካና በርጩማ አይሆኑም፣ ጀርባ ስለማይደግፉ። እግርዎን መሬት ላይ ያሳርፉ፣ አያነባብሩ። ለ5 ደቂቃ ዝም ይበሉ። ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ፣ ከልብዎ ትይዩ ያድርጉ። መጠቅለያውን ሹራብ ላይ ሳይሆን ባዶ ክንድ ላይ ይሰሩ። ሁለት ጊዜ ይለኩ፣ በመሃል 1 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ሁለቱንም ይጻፉ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ሁለቱንም ክንድ ይለኩ። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ከፍ ባለው ክንድ ይቀጥሉ።

እየለኩ አያውሩ። ቀልድ ይመስላል፣ ግን ወሬ ብቻውን 10 ነጥብ ያህል ሊጨምር ይችላል። ስልክ እያወሩ ለክተው «170 ሆነብኝ» ብለው የሚደነግጡ ብዙ ናቸው።

ቤት ውስጥ በተደጋጋሚ ሲለኩ አማካዩ 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው ይባላል። ጤና ተቋም ውስጥ ሲለካ መስመሩ 140 በ90 ነው። ለእርስዎ የተቀመጠው ግብ ከዚህ ሊለይ ስለሚችል ሐኪምዎን ይጠይቁ፣ በተለይ ስኳር ወይም የኩላሊት ችግር ካለብዎት።

ደረጃ 2፦ የሥራ ቀንንና የዕረፍት ቀንን ለየብቻ ይመዝግቡ

ለሁለት ሳምንት ይህን ያድርጉ። ጠዋት ከቁርስና ከመድኃኒት በፊት፤ ሥራ ቦታ በምሳ ሰዓት፣ ከመብላትዎ በፊት፤ ማታ ከመተኛትዎ በፊት። እሑድም በተመሳሳይ ሰዓት ይለኩ። የሌሊት ሺፍት ከሆኑ ሰዓቱን እንደ እንቅልፍዎ ያዙሩት፤ ከእንቅልፍ ሲነሱ የእርስዎ ጠዋት እሱ ነው።

ይህ የሚጠቅመው ለምንድን ነው? ሐኪሙ የሚያየው በቀጠሮ ቀን የተለካውን አንድ ቁጥር ነው። አንዳንድ ሰው ሐኪም ፊት 130 በ80 ሆኖ ሥራ ላይ በየቀኑ 150 ይሆናል። ያ ሰው ያለ ደብተር ደህና ነህ ተብሎ ይሸኛል። ተቃራኒውም አለ፤ ነጭ ጋውን ሲያይ ብቻ የሚነሳበት።

ከተናደዱ በኋላ ወዲያው አይለኩ። ቁጥሩ ከፍ እንደሚል አስቀድመን እናውቃለን። ያንን አይቶ መደንገጥ ደግሞ ሌላ ጭማሪ ነው።

ደረጃ 3፦ «ተናደድኩ» ብለው አይለፉ፣ ምን እንደሆነ ይጻፉ

አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ከቁጥሩ ጎን ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ምን ሆነ፣ ምን ተሰማኝ፣ ሰውነቴ ላይ የት ተሰማኝ።

አንድ የመጋዘን ኃላፊ ነበሩ፣ ሃምሳን ያለፉ። ደብተራቸው ላይ በየሳምንቱ ቆጠራ ቀን ያው ነው፦ «ቆጠራ። ተናደድኩ።» ቁጥሩም በዚያ ቀን ከሌላው ቀን ከፍ ይላል። የከበደዎት ቆጠራው ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «ቆጠራውማ ሃያ ዓመት የሠራሁት ነው። ልጁ ሰው ፊት አንተ ይለኛል» አሉ። ልጁ ማለት አዲሱ ሱፐርቫይዘር ነው፣ የመጨረሻ ልጃቸው እኩያ። ስለዚህ ችግራቸው የሥራ ብዛት አልነበረም፤ መናቅ ነበር። ለሥራ ብዛት የሚሆነው መፍትሔ ደግሞ ለመናቅ አይሆንም።

ስሜቱን ለመለየት ይህን ይጠቀሙ፦

ብሽቀት ነገር አልሆን ሲል ነው። ማሽን ሲቆም፣ ክር ሲበጠስ፣ ሲስተም ሲጠፋ። የሚፈልገው ሰው ሳይሆን ጥገና ነው። ሜካኒኩን ጠርተው ዞር ይበሉ።

መናቅ ሰው ፊት ሲዘለፉ፣ ሐሳብዎን ሳይሰሙ ሲያልፉዎት ነው። የሚፈልገው ንግግር ነው፣ ግን በኋላና ለብቻ።

ስጋት ታርጌት አይሞላም፣ ኮንትራቴ አይታደስም፣ የቤት ኪራይ ደረሰ ሲሉ ነው። ብዙ ጊዜ ቁጣ መስሎ ይወጣል። የሚፈልገው እርግጠኛ መረጃ ነው፤ ከኮሪደር ወሬ ይልቅ የሰው ኃይል ክፍልን ይጠይቁ።

በደል የሠሩት ኦቨርታይም ሲቀር፣ ደመወዝ ሲቆረጥ ነው። ይህ በትንፋሽ ልምምድ አይፈታም፣ እኔም አይፈታም እላለሁ። ቀንና ሰዓት ይዘው በጽሑፍ ያመልክቱ። የሠራተኛ ማኅበር ካለ በእሱ በኩል ይሂዱ።

ረሃብና ድካም ደግሞ ስሜት መስለው የሚመጡ ናቸው። ሌሊት አራት ሰዓት ብቻ ተኝቶ፣ ቁርስ ሳይቀምስ ሥራ የገባ ሰው ሁሉም ሰው ጠላቱ ይመስለዋል። በጾም ቀን ከሰዓት በፊት ከባድ ንግግር አይጀምሩ።

ሰውነት ላይ የት እንደሚሰማዎት መጻፉ ለምን? ንዴት ከአፍ ከመውጣቱ በፊት ሰውነት ላይ ይታያል። አንዱ ጆሮው ይግላል፣ ሌላዋ መንጋጋዋን ትነክሳለች፣ አንዳንዱ ትከሻው ወደ ላይ ይወጣል። የእርስዎን ምልክት ካወቁ ከመናገርዎ በፊት ጥቂት ሰከንድ ያገኛሉ። ቀጣዩ ደረጃ የሚሠራው በእነዚያ ሰከንዶች ነው።

ግፊት ራሱ ግን ብዙ ጊዜ ምልክት እንደሌለው አይርሱ። ራሴን ስላላመመኝ ግፊቴ ደህና ነው ማለት አይቻልም።

ደረጃ 4፦ ምልክቱ ሲመጣ ትንፋሹን ያስረዝሙ

በአፍንጫዎ እስከ 4 እየቆጠሩ ያስገቡ፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ቀስ አድርገው ያስወጡ። አንዱ ዙር 10 ሰከንድ ያህል ነው። በደቂቃ 6 ጊዜ ይሆናል። ጊዜ ካለ 5 ደቂቃ፣ ከሌለም ስድስት ዙር ይበቃል።

ማስወጣቱ የሚረዝመው ልብን የሚያረጋጋው ነርቭ በዚያን ጊዜ የበለጠ ስለሚሠራ ነው። ትንፋሽዎን አፍነው አይያዙ። ካዞረዎት ያቁሙና እንደወትሮዎ ይተንፍሱ። የጥጥ ብናኝ ወይም የናፍጣ ጭስ ካለበት ወጥተው ያድርጉት። ሾፌር ከሆኑ መኪናውን ዳር አቁመው።

ይህንን በሰላም ጊዜ ይለማመዱት፤ ማታ ከመተኛት በፊት፣ ወይም ሰርቪስ ውስጥ ተቀምጠው። በጸብ መሃል ለመጀመሪያ ጊዜ ልሞክረው ቢሉ አይሆንልዎትም።

ደረጃ 5፦ ንግግሩን ያዘግዩ፣ አይዋጡት

ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሁለት መንገድ ነው፤ ወይ መጮህ፣ ወይ መዋጥ። ሲጮሁ ግፊቱ እዚያው ከፍ ይላል። ሲውጡ ደግሞ ነገሩ ቤት ድረስ ይከተልዎታል፤ ሌሊት ሲያመላልሱት ያድራሉ። ሦስተኛው መንገድ እንደሰሙ ማሳወቅና ሰዓት መቁረጥ ነው። ሰዓት ካልተቆረጠለት ማዘግየት መዋጥ ይሆናል።

ለምሳሌ ልብስ ሰፊ ከሆኑና ሱፐርቫይዘሯ ላይኑ መሃል ከጮኸችብዎት፦ «እሺ፣ ሰምቻለሁ። ይሄን ልጨርስና ሻይ ሰዓት ላይ ላናግርሽ።»

አለቃዎ በዕድሜ የሚበልጥዎት ከሆነ፦ «ጋሼ፣ ያሉት ገብቶኛል። አሁን ብመልስ በትክክል አልናገርም። ከምሳ በኋላ አምስት ደቂቃ ይስጡኝ።»

ሾፌር ከሆኑና ዕቃ ተቀባዩ በር ላይ ካቆመዎት፦ «ወንድሜ፣ ወረቀቱን እይልኝ፣ እኔ እዚህ ጥላ ሥር አለሁ።» ከዚያ በእውነት ጥላው ሥር ይሂዱ። ፊት ለፊት ቆሞ መፋጠጥ ሁለታችሁንም ያግላል።

ሰዓቱ ሲደርስ ስለ ድርጊቱ ይናገሩ፣ ስለ ሰውየው ጠባይ አይናገሩ። «አንቺ ሰው አታከብሪም» ካሉ ክርክር ይነሳል። «ትናንት ሰው ፊት ስትጮሂብኝ አፈርኩ፤ ስህተት ስታይ ለብቻዬ ንገሪኝ» ካሉ ግን የሚከራከሩበት ነገር የለም።

የመጋዘን ኃላፊው ያሉትን እነግርዎታለሁ። ልጁን ብቻውን ሻይ ቤት ጠብቀው «ልጄ፣ ሥራ ላይ አዛዡ አንተ ነህ፣ አልከፋኝም። ሰው ፊት ግን አንተ አትበለኝ» አሉት። ልጁ ደነገጠ፣ አስቦትም አያውቅም። አሁን ጋሼ ይላቸዋል። ቆጠራው ዛሬም ያደክማቸዋል፤ ደብተሩ ላይ ግን የሚጽፉት ድካሙን ነው።

ደረጃ 6፦ የሌላውን ሰው ስሜት ያንብቡ

ከመመለስዎ በፊት አንድ ጥያቄ ራስዎን ይጠይቁ፦ ይህ ሰው አሁን ምን ፈርቶ ነው? ሱፐርቫይዘሯ ምርቱ ካልሞላ ከላይ የሚጠብቃት አለ። በር ላይ ያለው ጥበቃ ዕቃ ቢጠፋ ተጠያቂው እሱ ነው። ይህን ሲያውቁ ጩኸቱ በእርስዎ ላይ የተወረወረ ድንጋይ አይመስልዎትም። ስድብን ይቻሉ ማለቴ ግን አይደለም። የሰውየውን ጭንቀት ማየትና መብትን መተው የተለያዩ ናቸው።

ደረጃ 7፦ ንዴት ሳይኖር ቁጥሩን የሚያሳድጉትን ይለዩ

አንዳንዴ ጥፋቱ የአለቃ አይደለም። እነዚህን ደብተሩ ላይ ምልክት ያድርጉባቸው፦

መንገዱ። ከኮዬ ፈጬ ወይም ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ ታክሲ ተጋፍቶ፣ ረፍዶበት የገባ ሰው ገና ካርድ ሳይመታ ተናዷል። ከተቻለ 20 ደቂቃ ቀድመው ይውጡ። ካልተቻለ ማሽን ከመንካትዎ በፊት ሁለት ደቂቃ ተቀምጠው ይተንፍሱ።

ጨው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም፣ ሽሮውና በርበሬው ውስጥ ያለውን ጨምሮ። የካፌ ወጥ ጨው ስለሚበዛበት ምሳ ዕቃ ቢይዙ ይሻላል። ቡና በጨው የሚጠጡም አሉ፤ እባክዎ ይተዉት።

ቡናና ጫት። ቡና ለጥቂት ሰዓት ግፊትን ከፍ ሊያደርግ ይችላል፣ በተለይ ላልለመደው። ጫት ግፊትንም የልብ ምትንም ይጨምራል። የሌሊት ሾፌሮች፣ ይህ ለእናንተ ነው።

የሕመም ማስታገሻ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግፊት ከፍ ሊያደርጉና የግፊት መድኃኒትን ሊያዳክሙ ይችላሉ። ለወገብ ሕመም ከሱቅ እየገዙ በየቀኑ የሚውጡ ከሆነ ለሐኪም ይንገሩ።

ደረጃ 8፦ መድኃኒቱን ከሥራ ሰዓት ጋር ያገናኙ

ስልክዎ ላይ ሰዓት ይሙሉ። ሺፍት በየሳምንቱ የሚቀያየር ከሆነ የሚወስዱበትን ሰዓት ከሐኪም ጋር ይወስኑ፣ ጾም ላይም እንዲሁ። አምሎዲፒን እግር ሊያሳብጥ፣ ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ሊያመጣ ይችላል። ሁለቱም የሚቀየሩበት መንገድ አላቸው፤ ተናግሮ ማስቀየር እንጂ በራስ ማቆም የለም። ውሃ የሚያሸና መድኃኒት ከሆነና ሽንት ቤት ለመሄድ ፈቃድ የሚያስቸግር ላይን ላይ ከሆኑ ይህንንም ይንገሩ። ሰው በዚህ ምክንያት ኪኒን እየዘለለ ይደብቃል።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

• ቁጥሩ ጥሩ ሲሆን ኪኒን ማቆም። ቁጥሩ ጥሩ የሆነው ኪኒኑ ስለሠራ ነው።
• ሲናደዱ ተጨማሪ ኪኒን መዋጥ ወይም የጎረቤት ኪኒን መሞከር። ግፊት በድንገት ሲወርድ ራስን ያስታል፤ ማሽን አጠገብ ደግሞ ይህ አደጋ ነው።
• ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ ወይም ሽፈራው ይበቃኛል ማለት። ጸበል የሚሄዱም መድኃኒታቸውን ይዘው ይሂዱ።
• በቀን አሥር ጊዜ መለካት። ጭንቀት ይጨምራል እንጂ አዲስ ነገር አይነግርዎትም።
• መጥፎውን ቁጥር ከደብተር መሰረዝ። ሐኪሙ ከሁሉ የሚፈልገው እሱን ነው።
• ለአንድም ባልደረባ አለማሳወቅ። ቢያንስ አንድ ሰው ግፊት እንዳለብዎት ይወቅ።

ማስጠንቀቂያ

180 በ120 ወይም ከዚያ በላይ ካዩ፣ ምንም ሕመም ከሌለዎት 5 ደቂቃ ተቀምጠው እንደገና ይለኩ። ካልወረደ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ። «ሺፍቴን ልጨርስ» አይባልም።

ከቁጥሩ ጋር የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም መደንዘዝ፣ የአፍ መጣመም፣ የንግግር መተሳሰር፣ የዓይን ብዥታ ወይም ከባድ ድንገተኛ ራስ ምታት ካለ አንድ ደቂቃም አይጠብቁ። በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥሩ፤ ካልተገኘ የፋብሪካው መኪና ይውሰድዎት። ራስዎ አይንዱ። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት አንድ ሰው ይያዝ፤ ሆስፒታል መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።

ነፍሰ ጡር ከሆኑ እነዚህ ቁጥሮች ለእርስዎ አይሠሩም። 140 በ90 ከደረሰ በዚያው ቀን ይመርመሩ፤ 160 በ110 ከደረሰ ድንገተኛ ነው።

ደረጃ 9፦ ደብተሩን ይዘው ይቅረቡ

ሁለት ሳምንት ሲሞላ የሥራ ቀናቱን አማካይ ለብቻ፣ የዕረፍት ቀናቱን ለብቻ ያውጡ። የመጀመሪያውን ቀን ይተዉት፣ ሰው ገና ሲለማመድ ከፍ ይላል። መለኪያዎንም ይዘው ይሂዱ፤ ከጤና ጣቢያው ጋር ይነጻጸርልዎታል።

ሐኪሙን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የእኔ ግብ ስንት በስንት ነው? ሥራ ላይ የሚነሳው በመድኃኒት መጠን ወይም ሰዓት ይስተካከላል? የሥራ ቦታ ወይም የሺፍት ለውጥ የሚያስፈልገኝ ከሆነ ወረቀት ይጽፉልኛል?

ሦስተኛውን ሰው ይፈራዋል። አይፍሩ፤ የሌሊት ሺፍት እንዲቀየርላቸው ወረቀት ይዘው የሄዱና የተቀየረላቸው አሉ። ወረቀቱን ከመስጠትዎ በፊት ፎቶ ኮፒ ያስቀሩ።